ለቤት ወርክሾፕ የአናጺ ጠረጴዛ፦ 180 በ56፣ የፈረንጅ ጥድ ገበታ፣ የባሕር ዛፍ እግር (ልኩን እዩልኝ)

መላጊያ፣ ፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። 4 በ3 ሜትር በሆነ የቤት ወርክሾፕ ውስጥ የሚቆም የአናጺ ጠረጴዛ ነድፌያለሁ። ሥራው በአብዛኛው በመላጊያ፣ በመሮና በእጅ መጋዝ ስለሆነ ሲገፉት የማይሸሽ፣ ሲመቱት የማይዘል መሆን አለበት። መሰንጠቂያ ቤት ከማዘዜ በፊት ሙያው ያላችሁ ልኩን እንድታዩልኝ ነው።

ከወለል እስከ ላይ 85 ሳ.ሜ (ቁመቴ 1.80 ነው)። ገበታው 180 በ56፣ ውፍረቱ 8፤ ሰባት ባለ 8 በ8 የፈረንጅ ጥድ በኮላ ጎን ለጎን ተያይዞ። አራት የባሕር ዛፍ እግር፣ 10 በ10፣ ርዝመቱ 77። ሁለት ረጅም አግዳሚ 121 በ14 በ5፤ ጫፉ እግሩ ውስጥ 1.5 ሳ.ሜ ገብቶ በ12 ሚ.ሜ ብሎን ይታሰራል፤ ጠረጴዛው ተፈትቶ በበር እንዲወጣ ነው። አራት አጭር አግዳሚ 50 በ10 በ5፤ በሁለቱም ጫፍ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ 7 ሳ.ሜ ምላስ ኖሮት በኮላ ይጣበቃል። የታችኞቹ አግዳሚዎች፣ ረጅሙም አጭሩም፣ ከወለል 10 ሳ.ሜ ላይ ይጀምራሉ። ሞርሳው (የሚሠራውን እንጨት ነክሶ የሚይዘው) በፊት ለፊት ግራ እግር ላይ ይሆናል።

ጥያቄዎቼ፦ ባሕር ዛፍ ርካሽ ስለሆነ ገበታውንም ከእሱ ብሠራው ምን ይጎዳል? ረጅም ክላምፕ ሳይኖር ገበታውን እንዴት አጣብቃለሁ? ሲያልቅ የኑግ ዘይት ልቀባው እችላለሁ?

—

ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

ንድፉ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ሳይቆረጥ መስተካከል አለበት። ረጅሙና አጭሩ አግዳሚ በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው። የአጭሩ አግዳሚ ምላስ ከ10 ሳ.ሜ እግር ውስጥ 7ቱን ስለሚይዝ የእግሩን መሃል አልፎ ይሄዳል። የረጅሙ አግዳሚ ብሎንም በዚያው መሃል ነው የሚያልፈው። ብሎኑ ምላሱን ሰንጥቆ ያልፋል ማለት ነው፤ ጠረጴዛው ከሚያስፈልገው ጥንካሬ ግማሹ የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። አጭሩን ከ10 እስከ 20 ሳ.ሜ እንዳለ ተወውና ረጅሙን ከ24 እስከ 38 አድርገው። ብሎኑ 31 ላይ ይሆናል፣ ከምላሱም ይርቃል።

ለብሎኑ የሚሆነው ልክ ይህ ነው። በእግሩ ውጭ በኩል ሮንዴላው (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ጠፍጣፋ ቀለበት) የሚቀመጥበት 32 ሚ.ሜ ስፋት፣ 1.5 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ታወጣለህ። ከዚያ በ13 ፑንታ እግሩን ትበሳለህ። አግዳሚውን ቦታው ላይ አስገብተህ በእግሩ ቀዳዳ በኩል በዚያው ፑንታ 10 ሳ.ሜ ወደ አግዳሚው ጫፍ ትገባለህ። ለየብቻ ከበሳሃቸው አይገጥሙም፤ ሁሌም አንድ ላይ ይበሱ። ዳዶው (ብሎኑ ላይ ተጠምዝዞ የሚጠብቀው) የሚገባበትን ኪስ በአግዳሚው የውስጥ ፊት ላይ በመሮ ትከፍታለህ፦ የፊተኛው ግድግዳ ከጫፉ 6.5 ሳ.ሜ ይራቅ፣ ጥልቀቱ 3.5 ይሁን። በዳዶውና በእንጨቱ መካከል 3 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የብረት ሳህን አስገባ፤ ያለ እሱ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ቃጫውን እየበላ ይገባል። በዚህ ልክ 12 በ160 የሆነው ብሎን ይበቃል፣ ዳዶውን አልፎ አንድ ሳ.ሜ ገደማ ይተርፋል። አራት ብሎን፣ አራት ዳዶ፣ አራት ሮንዴላ፣ አራት ሳህን።

ከፍታው ለ1.80 ሰው ደህና ነው። ጫማ አድርገህ እጅህን ወደ ታች ዘርግተህ ቁም። ገበታው በጣትህ አንጓና በእጅህ አንጓ መካከል ከዋለ ለመላግ ይመቻል፤ ወደ እጅ አንጓ ሲጠጋ ለመጋዝና ለመሮ ይመቻል። 85 ለአንተ ከእጅ አንጓ ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህን የሚያነብ 1.65 የሆነ ሰው ግን ልኩን እንዳለ አይቅዳ፤ ለእሱ ከ77 እስከ 80 ይሻለዋል፤ አለዚያ በሰውነቱ ክብደት ሳይሆን በክንዱ ብቻ እየገፋ ይደክማል።

—

ዳሞት፣ ቡሬ

ስለ እንጨቱ ልናገር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነውና።

እንጨት ከደረቀም በኋላ ከአየሩ ጋር ውሃ ይቀባበላል። የአየሩ እርጥበት 45 በመቶ አካባቢ ሲሆን እንጨት ከክብደቱ 8 ወይም 9 በመቶ ውሃ ይዞ ይረጋል፤ አየሩ 80 በመቶ ሲሆን 16 ይደርሳል። የእኛን መጋቢት ከእኛ ነሐሴ ጋር አስተያይ፤ ልዩነቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ገበታህ በየዓመቱ 7 በመቶ ያህል ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ያወጣል። የፈረንጅ ጥድ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ውሃ በስፋቱ 0.2 በመቶ ገደማ ይሄዳል፤ 56 ሳ.ሜ ገበታ ከበጋ እስከ ክረምት 8 ሚ.ሜ ያብጣል። ነጭ ባሕር ዛፍ የዚህን እጥፍ ይሄዳል፤ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል። የሚጎዳው ይህ ነው። በርዝመቱ በኩል ግን እንጨት አይንቀሳቀስም ቢባል ይቀላል፤ ስለዚህ ባሕር ዛፉን ለእግርና ለአግዳሚ መመደብህ ትክክል ነው። ክብደትና ጥንካሬ እዚያ ነው የሚፈለገው፤ ስፋታቸው ትንሽ ስለሆነ ማበጣቸውም ትንሽ ነው።

8 በ8 የሆነውን ግን አልቀበለውም። እንዲህ ወፍራም እንጨት ውስጡ ሳይደርቅ ውጩ ደርቆ ያታልላል፤ ከተጣበቀ በኋላ ውስጡ ሲኮማተር ገበታው መሃሉ ላይ ይጎደጉዳል። በ4 በ8 አስቆርጠውና 14 ይሁን፤ 4ቱን ጎን ለጎን ስታደርግ ያው 56 ይመጣል። መሰንጠቂያው 4.8 በ9 አድርጎ ያውጣልህ፤ ሲደርቅና ሲላግ የሚጠፋው ነው ትርፉ። ለእግሮቹም እንዲሁ፦ 10 በ10 የሆነ ባሕር ዛፍ የግንዱን እምብርት በውስጡ ይዞ ከመጣ መሰንጠቁ አይቀርም። 5 በ10 የሆኑ ሁለት እየሆኑ ይጣበቁ፣ እምብርት ያለበትን አትቀበል።

ባሕር ዛፍ በቁሙ ውስጡ ውጥረት አለው፤ መጋዝ ሲገባበት ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ቀጭን ግንድ ይብስበታል። ቢያንስ 35 ሳ.ሜ ወፍራም ከሆነ ግንድ የወጣ ፈልግ፤ ለአጣና የተተከለው አይሆንም። እንጅባራ አካባቢ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነትም ጠንካራ ቢሆንም በአራትና በአምስት ዓመቱ ስለሚቆረጥ ይህን ስፋት አይሰጥህም።

ማድረቁን በጥቅምት ጀምር፤ ዝናቡ ሲያቆም። ከመሬት 40 ሳ.ሜ ከፍ አድርገህ፣ በጥላ ሥር፣ በየ40 ሳ.ሜ 2 ሳ.ሜ የሆነ ጣልቃ እንጨት እየከተትክ ደርድር። ጣልቃዎቹ ከላይ እስከ ታች አንዱ በአንዱ ትክክል ይዋሉ፤ ዝንፍ ካሉ ጣውላው በዚያው ይጣመማል። ከላይ ድንጋይ ጫን። ጫፎቹን በተቆረጠ ቀን ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ቀባ፤ ውሃ በጫፍ በኩል በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ መሰንጠቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ያ ኮላ ያስጠላል፣ ተወው። ባሕር ዛፉን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደረቅ ነፋስ እንዳያገኘው ዙሪያውን በጆንያ ከልል። የፈረንጅ ጥዱ እስከ ግንቦት ይደርስልሃል። 5 ሳ.ሜ የሆነ ባሕር ዛፍ ግን ዓመት ይፈልጋል።

መለኪያ ከሌለህ፦ ከጣውላው ጫፍ 30 ሳ.ሜ ገባ ብለህ አንድ ስስ ቁራጭ ቁረጥ፣ መዝን፣ በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው፣ እንደገና መዝን። ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍለው። 118 ግራም የነበረው 104 ቢሆን 14 ለ104 ነው፤ 13.5 በመቶ። ከ12 በታች ሲወርድ ጀምር።

—

ሞጣ፣ ሞጣ

ዋንዛ ቢገኝ ለገበታው አይሻልም? የሚንቀሳቀሰውም ትንሽ ነው።

—

ዳሞት፣ ቡሬ

መንቀሳቀሱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሀበሻ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተከለከሉ ናቸው፤ ምንጩ ያልታወቀ ጣውላ ባትገዛ ይሻላል። ከግል ማሳ በፈቃድ የተቆረጠ ዋንዛ ቢገኝም ለበርና ለቁም ሣጥን ይዋል። መዶሻ የሚያርፍበት ገበታ ላይ ማዋሉ ያሳዝናል።

—

አዊ፣ እንጅባራ

ስለ ማጣበቁ እኔ ልመልስ። ክላምፑን በሽብልቅ ትተካለህ። ስምንት ሞራሌ፣ እያንዳንዱ 90 ሳ.ሜ፣ በየ25 ሳ.ሜ አስተኛ፤ በአንዱ ጫፍ ጠንካራ ማገጃ እንጨት በብሎን እሰር፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ገበታው ካለቀበት 6 ሳ.ሜ ርቆ ሌላ ማገጃ። በገበታውና በሩቁ ማገጃ መካከል ሁለት ሽብልቅ ፊትና ኋላ አድርገህ በመዶሻ ስትመታቸው ይጠብቃሉ። የሽብልቁ ዝንባሌ ለ8 አንድ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ካዘነበለ በራሱ ይንሸራተታል። ገበታው ወደ ላይ እንዳይፈነዳ ሌላ ሞራሌ ከላይ አግድመህ እሰረው። በሞራሌውና በገበታው መካከል ጋዜጣ አንጥፍ፤ አለዚያ አብረው ይጣበቃሉ።

14ቱን በአንድ ጊዜ አታጣብቅ። ቪናቪል (ነጩ የእንጨት ኮላ) በበጋ ቀን ከ10 ደቂቃ በኋላ ላዩ ቆዳ ያወጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 13 መጋጠሚያ ቀብቶ ማጥበቅ አይቻልም። መጀመሪያ ሦስት ሦስትና አራት አራት እያደረግህ አራት ክፍል ሥራ፤ እያንዳንዱን ክፍል አስተካክለህ ላገው፤ በመጨረሻ ሦስት መጋጠሚያ ብቻ ይቀርሃል። መጋጠሚያው ያለ ኮላ ተጠጋግቶ ብርሃን የማያሳይ መሆን አለበት። ሽብልቅ ክፍተት ቢዘጋም ውጥረቱ እዚያው ይቀራል፤ ከዓመት በኋላ ይከፈታል።

መጠኑን አስልቼዋለሁ፦ የገበታው 13 መጋጠሚያ 1.9 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፣ የእግሮቹ 0.3። በካሬ ሜትር 200 ግራም ብትይዘው ከግማሽ ኪሎ በታች ነው፤ 1 ኪሎ ግዛ፣ ይተርፋል። ውሃ አትጨምርበት። ባሕር ዛፉን በላግህበት ቀን አጣብቀው፤ ላዩ ካደረ ኮላ መምጠጡ ይቀንሳል።

እንደ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ለምትሠሩ ደግሞ፦ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ቪናቪል አይያዝም። ሲደርቅ ግልጽ መሆን ሲገባው እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ያ መጋጠሚያ በእጅ ይለያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አትጀምሩ። እንጨቱም ኮላውም ቤት ውስጥ አድረው ይሙቁ፤ የተጣበቀውም ሌሊቱን በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይደር።

—

አባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር

ይህን ሁሉ ድካም በ18 ሚ.ሜ ኮምፐርሳቶ (ከስስ የእንጨት ልባሶች ተደራርቦ የተጣበቀ ሉህ) መተካት ይቻላል። ሁለት ሙሉ ሉህ 244 በ122 ብትገዛ 180 በ56 የሆነ አራት ቁራጭ ይወጣል፤ ሲደራረብ 7.2 ሳ.ሜ። አያብጥም፣ አይሰነጠቅም፣ ዓመት አይጠበቅም።

—

ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

ለቸኮለ ሰው መልካም ነው፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ሁለት ነገር ግን ይታሰብበት። ርካሹ ኮምፐርሳቶ በውስጡ ባዶ ቦታ አለበት፤ የማያዣ ብረት (እንጨቱን ገበታው ላይ ጨቁኖ የሚይዘው) ቀዳዳ እዚያ ላይ ከዋለ አይነክስም። ሁለተኛ፣ ላዩ ያለው ስስ ልባስ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ሙሉ እንጨት ሲጎዳ ትልገዋለህ፤ ኮምፐርሳቶ ግን ሲጎዳ ከላዩ ሌላ ከማልበስ በቀር መድኃኒት የለውም። በመላጊያ ለሚሠራ ሰው ሙሉውን እንጨት እመርጣለሁ። ኮምፐርሳቶውን የሚመርጥ ሰው የአራቱን ዙሪያ ጫፍ በእንጨት ይሸፍን፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

—

ቶርኖ ቤት፣ ባሕር ዳር

ሞርሳው ላይ ልግባ። በእግር ላይ የሚቆመውን የእንጨት መንጋጋ ከመረጥክ የምታሠራው ብረት አንድ ብሎንና አንድ ዳዶ ነው። ቶርኖ ቤት ስትሄድ እንዲህ በል፦ ትራፔዞይዳል ጥርስ (ጫፉ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ የሆነ)፣ ዲያሜትሩ 28፣ እርምጃው (ከጥርስ እስከ ጥርስ) 5 ሚ.ሜ፣ ርዝመቱ 45 ሳ.ሜ። ዳዶው 4 ሳ.ሜ ርዝመት ያለው፣ ከነሐስ ወይም ከግራጫ ቀልጦ ብረት፣ 8 ሳ.ሜ ክብ ፍላንጅ (እግሩ ላይ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ከንፈር) እና አራት የብሎን ቀዳዳ ያለው። ተራ የሦስት ማዕዘን ጥርስ ያለው ብሎን አይሆንም፤ እርምጃው አጭር ስለሆነ መንጋጋው እስኪከፈት ብዙ ያዞርሃል፣ ጥርሱም በጭነት ቶሎ ያልቃል። ከአሮጌ የመኪና ክሪክ የወጣ ብሎን የሚጠቀሙ አሉ። መቀስ መሳዩ ክሪክ ብሎኑ ቀጭን ስለሆነ አልመክረውም።

ብሎኑ አንገት ላይ 6 ሚ.ሜ ስፋት ያለው ጎድጓዳ ቀለበት አስወጣ፤ ከመንጋጋው ፊት የሚታሰር ባለ 5 ሚ.ሜ ሳህን ለሁለት ተከፍሎ እዚያ ውስጥ ይገባል። ይህ ከሌለ ብሎኑ ሲፈታ ብቻውን ይወጣል እንጂ መንጋጋውን አብሮ አይጎትትም። ብዙዎች የሚረሱት ይህችን ነው። ለእጀታው በብሎኑ ራስ ላይ 20 ሚ.ሜ ቀዳዳ፣ በውስጡ የወይራ ዘንግ 35 ሳ.ሜ።

መንጋጋው 82 በ20 በ5፣ ደረቅ ባሕር ዛፍ። ከታች መሪ ዘንግ ይገባበታል፤ 45 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 4 ሳ.ሜ ቁመት፣ 2 ሳ.ሜ ውፍረት ኖሮት በሁለት ረድፍ ተፈራርቀው የተበሱ 8 ሚ.ሜ ቀዳዳዎች ያሉት። የምትይዘው እንጨት 3 ሳ.ሜ ሲሆን በመሪው ቀዳዳዎች የሚገባውን ሹል እዚያው ልክ ላይ ትሰካለህ፤ መንጋጋው ከታች እዚያ ላይ ተደግፎ ከላይ ይነክሳል። ብሎኑን ከወለል 62፣ መሪውን 12 ላይ አድርገው።

—

ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

12 ላይ ያለው አጭሩ አግዳሚ ነው። መሪው ከፊት ወደ ኋላ ስለሚሄድ በቀጥታ እሱ ላይ ይመታል። ከሥሩ ይለፍ፦ የእግሩ ቀዳዳ ከወለል ከ4 እስከ 8 ሳ.ሜ ይሁን። ዝቅ ማለቱ ለኃይሉም ይበጃል። መሪው 6 ላይ፣ ብሎኑ 62 ላይ፣ የተያዘው እንጨት 80 ላይ ቢሆን ብሎኑ ከገፋው ሦስት አራተኛው መንጋጋው አፍ ላይ ይደርሳል። መሪው ወደ ብሎኑ በቀረበ ቁጥር ይህ እየቀነሰ ይሄዳል።

62ቱ ግን በትክክል የተመረጠ ነው። የላይኛው አጭር አግዳሚ ከ67 ላይ ይጀምራል፤ ባለ 8 ሳ.ሜው ፍላንጅ 66 ላይ ያልቃል። ፍላንጁን ከዚህ እንዳታሰፋው።

—

መላጊያ፣ ፍኖተ ሰላም

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር አዳናችሁኝ። ገበታው 8 ሚ.ሜ የሚያብጥ ከሆነ ከእግሩ ጋር ማሰሩ አያሰነጥቀውም? ምላሶቹስ በኮላ ብቻ ይበቃቸዋል?

—

ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

ገበታውን ከፊት አስረህ ከኋላ ፍታው። በእያንዳንዱ የላይኛው አጭር አግዳሚ ላይ ሁለት እንጨት የሚነክስ የ10 ሚ.ሜ የብረት ብሎን ከሥር ወደ ላይ ይገባል፤ ራሱ 5 ሳ.ሜ ወደ አግዳሚው እንዲሰምጥ ጉድጓድ አውጣለት፣ 5 ሳ.ሜ ደግሞ ገበታውን ይንከስ። የፊተኛው ቀዳዳ ክብ ይሁን። የኋለኛው በስፋቱ አቅጣጫ 2 ሳ.ሜ የተራዘመ ይሁን፣ ሮንዴላም ይኑረው። በሁለቱ ፊት እግሮች አናት ላይ ደግሞ ግማሹ ገበታው ውስጥ ግማሹ እግሩ ውስጥ የሚሆን 2 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው የወይራ ዘንግ አስገባ፤ ስትልግ የሚመጣውን ግፊት እሱ ይሸከማል። በዚህ አሠራር የገበታው የፊት ጠርዝ ከፊት እግሮች ጋር ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ይቆያል፤ ሞርሳው የሚፈልገውም ይህን ነው። ማበጡ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ግድግዳ የሚጠጋ ከሆነ 2 ሳ.ሜ ተውለት።

ምላሱን በኮላ ብቻ አትተወው። ውፍረቱን 16 ሚ.ሜ አድርግ፤ የ16 መሮ ካለህ ጉድጓዱ በአንድ ስፋት ይወጣል። ከዚያ በእግሩ ላይ፣ ከውስጠኛው ፊት 2.5 ሳ.ሜ ገባ ብለህ፣ 10 ሚ.ሜ ቀዳዳ ብሳ። ምላሱን አስገባ፣ በቀዳዳው በኩል በፑንታው ጫፍ ምልክት አድርግበት፣ አውጣው። አሁን ምላሱን የምትበሳው ምልክቱ ላይ ሳይሆን 1.5 ሚ.ሜ ወደ ትከሻው (ምላሱ ወደሚነሳበት) ጠጋ ብለህ ነው። ጫፉ የተሳለ የወይራ ምስማር ስትመታበት ሁለቱ ቀዳዳዎች ለመገጣጠም ሲሉ ትከሻውን እግሩ ላይ ይስቡታል። ክላምፕም አያስፈልግም፤ ኮላው ከዓመታት በኋላ ቢለቅ እንኳ መጋጠሚያው አይላላም። 3 ሚ.ሜ ካደረግኸው ግን ምላሱ ይሰነጠቃል ወይም ምስማሩ ይሰበራል፤ ባሕር ዛፍ አይጨመቅልህም። ምስማሩን ከቀጥተኛ ቃጫ በጥርብ አውጣው። በመጋዝ የወጣ ከሆነ ቃጫው ይቆረጥና በመጀመሪያው ምት ይሄዳል።

—

ሞጣ፣ ሞጣ

የማያዣ ብረቱን ነገር ማንም አላነሳም። አንጥረኛ ዘንድ 16 ሚ.ሜ የሆነ ለስላሳ ክብ ብረት ይዘህ ሂድ፤ ፌሮ አይሁን፣ የፌሮው ጎድን ቀዳዳውን ይፍቀዋል። እንደ ከዘራ ታጥፎ ጫፉ ጠፍጠፍ ይበል። ገበታው ላይ በ18 ፑንታ ቀዳዳ ብሳ። ብረቱን አስገብተህ አናቱን በመዶሻ ስትመታ ያዘነብልና ከላይ በአንድ ጎን፣ ከታች በሌላው ጎን ነክሶ ይቆማል፤ ለመፍታት ከጀርባው መታ ማድረግ ይበቃል። ለዚህ 8 ሳ.ሜ ውፍረት በጣም ተስማሚ ነው። ከ5 ሳ.ሜ በታች የሆነ ገበታ አይነክስም። ካልያዘ ብረቱን ዙሪያውን በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አግድም አሽ። ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ አራት ብቻ አድርግ፤ ሌላውን ሥራው ራሱ ያሳይሃል። ስትበሳም ከሥር ያለው አግዳሚ ላይ እንዳይውል አስቀድመህ እይ።

ለመላግ የሚሆነው መደገፊያ ደግሞ በማጣበቁ ጊዜ ያለ ድካም ይገኛል። ከገበታው 14 እንጨቶች ከፊት ሦስተኛውን በግራ ጫፍ በኩል ለሁለት ቆርጠህ 5 ሳ.ሜ ክፍተት ተውበት፤ 4 በ5 የሆነ ቀዳዳ ተሠራልህ ማለት ነው። 25 ሳ.ሜ ርዝመት ያለው ባሕር ዛፍ ጠበቅ ብሎ እንዲገባ አድርገህ ላግ፣ ከላይና ከታች በመዶሻ ከፍና ዝቅ ታደርገዋለህ። ክፍተቱ ኮላ እንዳይገባበት በሰም የታሸ እንጨት ሰክተህ አጣብቅ፣ ሳይደርቅ አውጣው። ቦታው ከእግሩ አናት ውጭ፣ ከጫፉ 12 ሳ.ሜ ገደማ ይሁን።

—

አዊ፣ እንጅባራ

የኑግ ዘይቱን ተው። ኑግ በከፊል ብቻ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ለወራት ይጣበቃል፣ የመጋዝ ብናኝ ይሰበስባል፣ የምትሠራውንም እንጨት ያቆሽሻል። የተልባ ዘይት ግን ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል። በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልጠጣውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ጥሬው የተልባ ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሳምንት ጠብቀህ ድገመው። ሁለት ጊዜ ይበቃል። የታችኛውንም ፊት እኩል ቀባ፤ ላዩን ብቻ ከቀባህ አንዱ ፊት ውሃ ሲጠጣ ሌላው ስለማይጠጣ ገበታው ይጎብጣል። ቨርኒሽ አይቀባ፣ ያንሸራትታል።

እባካችሁ ይህን ልብ በሉ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ራሱ ሞቆ ይቀጣጠላል። የመጋዝ ብናኝ ባለበት ቤት ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩ።

—

መላጊያ፣ ፍኖተ ሰላም

የተስተካከለው ዝርዝር፦ የፈረንጅ ጥድ 4.8 በ9 በ190 የሆነ 14። ባሕር ዛፍ፦ ለእግር 6 በ11 በ85 የሆነ 8፤ ለረጅም አግዳሚ 6 በ15 በ130 የሆነ 2፤ ለአጭር 6 በ11 በ55 የሆነ 4፤ ለመንጋጋ 6 በ21 በ90 አንድ። ወለሉ አፈር ነው፤ ለእሱ ምን ላድርግ?

—

ዳሞት፣ ቡሬ

ዝርዝሩ ልክ ነው፤ ከየዓይነቱ ግን አንድ አንድ ጨምር፣ ሲደርቅ የሚጣመም አይጠፋም። ሲያልቅ ገበታው 40 ኪሎ፣ እግርና አግዳሚው 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ካነሰብህ ረጅሞቹ አግዳሚዎች ላይ ጣውላ አንጥፈህ መሣሪያህን እዚያ አስቀምጥ።

ለአፈር ወለል፦ በየእግሩ ሥር 25 በ25 የሆነ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ቅበር፣ 5 ሳ.ሜ ከአፈሩ ከፍ ይበል፣ አራቱንም በውሃ ልክ አስተካክል። ምስጥ በእግሩ ውስጥ ተደብቆ እንዳይወጣ የድንጋዩ ዙሪያ ሁልጊዜ ይጠረግ፤ በድንጋዩ ላይ የአፈር መስመር ካየህ መጥቷል ማለት ነው። የእግሮቹን የታችኛ ጫፍ ሰም አጠጣቸው። የባሕር ዛፉ ነጭ ክፍል ለነቀዝም ምቹ ስለሆነ ነጩ የበዛበትን ለአጭር አግዳሚ አታውል፣ ምላሱን ይበላብሃል።

—

ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

ገበታውን ድንጋዩ ላይ ቆሞ ብሎኑ ሁሉ ከጠበቀ በኋላ ላገው፣ በፊት አይደለም። እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በሁለቱ ጫፎች ላይ አስቀምጥና ዓይንህን ዝቅ አድርገህ አንዱን በሌላው አናት ላይ እይ፤ አንዱ ጫፍ ከፍ ካለ ገበታው የተጠማዘዘው በዚያ ማዕዘን ነው። ከፍ ያለውን መጀመሪያ አውርድ፣ ቀጥሎ በሰያፍ ከግራም ከቀኝም ላግ፣ በመጨረሻ በቃጫው ርዝመት። ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም። የመጀመሪያውን ክረምት ካለፈ በኋላ በጥቅምት ብሎኖቹን እንደገና አጥብቅ፣ በዘንጎቹ ፈትሽ፣ የወጣውን ብቻ ላግ። የኋለኛው ብሎን በረዘመው ቀዳዳ ውስጥ መንቀሳቀሱንም ያን ጊዜ እይ፤ ሮንዴላው በእንጨቱ ላይ ሄዶ የፋቀው ምልክት ከሌለ በጣም ጠብቋል ማለት ነው፣ ሩብ ዙር አላላው።